ከእንሰቱ ጀርባ ያበበው አይሪስ

ገነቴ አበባውን ያየችው የሐዲያው ዘመን መለወጫ ያሆዴ ባለፈ በአራተኛው ቀን፣ ለእንሰቱ ፍግ ልታለብስ በማለዳ ወደ ጓሮ በወጣች ጊዜ ነው። የፍጉን ቅርጫት መሬት ላይ አስቀምጣ ብዙ ቆማ አየችው። ከመጨረሻው የእንሰት ረድፍና ከአጥሩ መካከል ጎራዴ የመሰሉ ጠንካራ ቅጠሎች እንደ ማራገቢያ ተዘርግተዋል። ከመካከላቸው በወጣ ቀጭን አገዳ ጫፍ ላይ አንድ ነጭ አበባ ተከፍቷል። ሦስቱ ትልልቅ የአበባው ቅጠሎች፣ መልካአበቦቹ፣ ወገባቸው ላይ ቢጫ ጭረት አለባቸው፤ እምብርቱ ሐምራዊ ነው። ቅጠሉን ከዚህ በፊት ሣር ነው ብላ ስታልፈው ኖራለች። አበባ ያወጣል ብላ ግን አላሰበችም።

ገነቴ የጓሮዋን እንሰት አንድ በአንድ በስሙ የምታውቅ ሴት ናት። ይህ ግሽራ ነው፣ ያኛው ኡንጃሞ፣ ይሄ ቡላው የሚበዛው፣ ያ ደግሞ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የሚሰጠው ብላ ከሩቅ በመልኩ ትለየዋለች። የሰፈሩ ሙሽሮች ችግኝ ሊገዙ ሲወጡ እሷን ሳይዙ አይሄዱም። እንዲህ ያለች ሴት በገዛ ጓሮዋ ስሙን የማታውቀው ነገር ሲያብብ ነገሩ ያንገበግባታል። ባሏን ጠራችው።

ጴጥሮስ ጋቢውን ትከሻው ላይ እንደጣለ መጣ። ሠላሳ አራት ዓመት በሆሳዕና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አማርኛ አስተምሮ ጡረታ የወጣ፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሚስቱ አበባውን ስታሳየው ዓይኑ አበባው ላይ አልቆየም፤ አገዳውን ተከትሎ ወደ ሥሩ ወረደ። ከሦስት ዓመት በፊት በሰኔ፣ ልክ በዚያ ቦታ፣ በገዛ እጁ ጉድጓድ ምሶ አንድ ላስቲክ ሙሉ አፈር ገልብጦበት ነበር። አፈሩ የልጃቸው የሆሴዕ የመቃብር አፈር ነው። ሆሴዕ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ገነቴ ይህን አታውቅም። እስከዛሬ ጠዋት ድረስ ልጇን ትጠብቃለች።

«ምንድን ነው?» አለችው።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አላት። ስለ አበባው ስም ከሆነ የተናገረው እውነት ነበር።

*

ሆሴዕ በሞያሌ በኩል የወጣው በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ ስንቱ ወጣት በዚያ መንገድ እንደሄደ የሚያውቅ ያውቀዋል። እሱ ከቀናቸው አንዱ ነበር፤ በምሥራቁ ባሕር ዳርቻ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሱቅ ከፍቶ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ለእናቱ ይደውል ነበር። በኮሮናው ዓመት ስልኩ ተዘጋ። ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ተዘግቶ ስለነበረ ገነቴ ታገሠች።

በዓመቱ ጴጥሮስ ለቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ዱራሜ ሄዶ ሳለ እንድርያስ የሚባል የዳምቦያ ልጅ ደወለለት። ደቡብ አፍሪካ ከሆሴዕ ጋር አብሮ ሠርቶ የተመለሰ ልጅ ነው። ሆሳዕና መጥቶ የእናቲቱን ፊት ለማየት አቅም እንዳጣ፣ ጋሼ ዱራሜ መኖራቸውን ሲሰማ ግን መንገድ የተከፈተለት እንደመሰለው በስልክ ነገረው። መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተገናኙ። ልጁ ተቀምጦ ሻይ እንኳን ሳያዝዝ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። ሆሴዕ ትንፋሽ አጥሮት እንደነበር። ሆስፒታል በገባ በስድስተኛው ቀን እንደሞተ። በረራ ስለተዘጋ አስከሬኑን መላክ እንዳልተቻለ። ከዚያ ከቦርሳው የታሰረ ላስቲክ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አስከሬን መላክ ያልቻለ ሰው ከመቃብሩ አፈር ይዞ ይመጣል፤ ቤተሰብ ቢያንስ እሱን አገሩ ላይ ያሳርፈዋል። እንድርያስም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ጴጥሮስ የደነገጠው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የልጁ ሞት ነው። ሁለተኛው ለማንም ተናግሮት የማያውቀው፣ መርዶው የደረሰው ሥርዓቱን ባጣ መንገድ መሆኑ ነው።

በእድራቸው ውስጥ መርዶ የሚነገርበት ቤት ሲኖር መጀመሪያ የሚጠራው ጴጥሮስ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሞት የነገረው እሱ ነው፤ ሥራውንም ጠንቅቆ ያውቀዋል። መርዶ በምሽት አይነገርም፤ ሐዘንተኛ ሌሊቱን ከሐዘኑ ጋር ብቻውን ማደር የለበትም። ሊነጋጋ ሲል፣ ቀኑ ገና ሙሉ ሳለ ነው። አንድ ሰው ለአንድ ሰው አይነግርም። በቁጥር ሆኖ ይገባል፤ ከሐዘንተኛዋ ግራና ቀኝ የሚቀመጡት ሁለት ጠንካራ ሴቶች ቀድመው ይመረጣሉ። ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ከሆነ መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ ከቤተሰቡ ይጠየቃል። እሱ ራሱ ግን የገዛ ልጁን ሞት በጠራራ ፀሐይ፣ የአውቶቡስ ረዳቶች ከውጭ «ሆሳዕና! ሆሳዕና!» እያሉ በሚጣሩበት ሻይ ቤት፣ ከሃያ ስድስት ዓመት ልጅ አፍ ሰማው። እንድርያስ ገና እየተናገረ ሳለ ጴጥሮስ ተነሣ። ላስቲኩን ጋቢው ሥር አድርጎ፣ ልጁን ባርኮ፣ ሊነሣ ባለ መኪና ላይ ወጣ።

ያን ሳምንት ገነቴ በደም ግፊት ታማ ከሆስፒታል የወጣችበት ሳምንት ነበር። ሐኪሙ ከድንጋጤ ጠብቋት ብሏል። ጴጥሮስ አንድ ሳምንት እንድታገግም ልጠብቅ አለ፤ ለራሱ የተናገረው ይህ ነው፣ ሐሰትም አልነበረም። ሳምንቱ ወር ሆነ። ከወሩ በኋላ ስትጠይቀው፣ ሆሴዕ ወረቀቱ ተበላሽቶበት ስልክ ወደሌለበት ገጠር መግባቱን ዱራሜ ላይ ከሰው ሰምቻለሁ አላት። እሷም እጁን ስማ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ከዚያ ቀን በኋላ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ውሸቱን ማንሣት ግድ ሆነበት፤ ውሸቱም ሲያድር እየከበደ ሄደ።

አፈሩን በቤተ ክርስቲያኑ መካነ መቃብር ሊያሳርፈው አይችልም፤ የማን ነው ይባላል። ስለዚህ ገነቴ ገበያ በወጣችበት ቀን ከእንሰቱ ጀርባ አሳረፈው። ጸሎት አደረገ። ብቻውን ነበር።

*

አበባው ሁለት ቀን ቆይቶ ረገፈ፤ በሦስተኛው ቀን ከዚያው አገዳ ሌላ አበበ። ወሬው ከአጥር አለፈ። መጀመሪያ ያየችው ጎረቤታቸው ወይዘሮ እህተማርያም ናት። ባሏ ከጎንደር በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የሞተባት፣ ግቢዋን በጽጌረዳ የሞላች ሴት ናት፤ በአበባ ነገር ቃሏ ይሰማል። መነጽሯን አድርጋ ዞራ ካየችው በኋላ የማርያም ሰይፍ እንደሚባል ተናገረች።

«እርስዎ ያላወቁትን ሁሉ በማርያም ስም ነው የሚጠሩት» አለቻት ገነቴ።

«አንቺ ደግሞ የማታውቂውን ሁሉ ስም የለውም ትያለሽ። ጴንጤ መሆን እንዴት ያቀላል!»

ሁለቱም ሳቁ። ጴጥሮስ በረንዳው ላይ ሆኖ ሳቃቸውን ሰማ።

በዚያው ሳምንት ልጃቸው አቢጋኤል ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጣች። ባዮሎጂ የምታጠና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ወንድሟ ሲሄድ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ እጇን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻት። አቢጋኤል በስልኳ ፎቶ አንሥታ የዕፅዋትን ስም በሚናገረው አፕ ፈተሸችው። አይሪስ ነው አለ። ቅጠሉን ብቻ ስታነሣው የሽንኩርት ዘር ነው አለ። ከጎን ስታነሣው ሌላ ስም አመጣ።

«ስልክሽም እንደ እህተማርያም ነው» አለች ገነቴ። «አላውቅም ማለት አይሆንለትም።»

ነገሩ አቢጋኤልን እልህ ውስጥ ከተታት። ፎቶዎቹን ሁሉ ለመምህሯ ለዶክተር ዘርአብሩክ ላከችለት። መልሱ በማግሥቱ መጣ፤ መልስ ሳይሆን የቤት ሥራ ነበር። አይሪስ የሚባለው ቤተሰብ ሰፊ ነው፣ በፎቶ ብቻ አይፈረድም ብሎ ሁለት ነገር እንድታይለት ጠየቃት። አንደኛ፣ አበባው ሲረግፍ መልካአበቦቹ አንድ በአንድ ይለያያሉ ወይስ ከሥራቸው ተጣብቀው እንደ ቱቦ አብረው ይወጣሉ? ሁለተኛ፣ ከመሬት በታች ያለው እንደ ሽንኩርት ክብ ነው ወይስ እንደ ዝንጅብል የሚሳብ?

ጴጥሮስ ይህን ከአቢጋኤል አፍ ሲሰማ ቦታው ሊቆፈር፣ አፈሩም ሊገለጥ መሆኑ ቁልጭ ብሎ ታየው። በማግሥቱ ማለዳ፣ ሁለቱ ሴቶች ሳይነሡ፣ ዶማ ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። ሊነቅለው ነበር። በሬ ገብቶ በላው ይላል፤ አንድ ውሸት ምን ይጨምራል። ዶማውን አነሣ። ከዚያ፣ ይህ ነገር የበቀለው ከየት እንደሆነ አሰበ። ልጁ ከተኛበት መሬት የመጣ፣ በሕይወት ያለ ሌላ ነገር የለውም። ዶማውን መሬት ላይ አሳርፎ እንደቆመ ገነቴ መጣች።

«አጥር ልትሠራለት ነው?» አለችው ደስ ብሏት። «እኔም ዶሮዎቹ እንዳይጭሩት ፈርቼ ነበር።»

እሱም አጥር ሠራለት።

ከቀትር በፊት አቢጋኤል ሥሩን ልታይ ተንበረከከች። ጴጥሮስ «ይሞታል፣ ተይው» አላት። ጫፉን ብቻ ነው አለችና በቢላ ዳሩን ፈልፈል አደረገች። እንደ ዝንጅብል የሚሳብ ሥር ብቅ አለ። የረገፈውንም አበባ ሳብ ስታደርገው መልካአበቦቹ አንድ በአንድ ተለያዩ። ሁለቱንም በደብተሯ ጻፈች። ቀና ልትል ስትል ግን እጇ ቆመ። በዙሪያው ያለው የእናቷ አፈር በዘመናት ፍግ የጠቆረ ነው። ከሥሩ አጠገብ ያለው ነጣ ያለ፣ አሸዋ የበዛበት ነው፤ ከውስጡም የጥፍር ያህል የምትሆን የዛጎል ስባሪ ወጣች።

«አባዬ፣ ይህ አፈር ከየት መጣ?»

«ቤቱ ሲሠራ የተረፈ አሸዋ ነው።»

አቢጋኤል አባቷን አየችው። ቤቱ ሲሠራ አልተወለደችም ነበር፤ ሌላ ነገር ለመጠየቅ አፏን ከፈተች፣ የአባቷን ፊት ስታይ ግን አፈሩን ወደ ጉድጓዱ መለሰችው።

*

ዶክተር ዘርአብሩክ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደወለ። ገነቴ እኔም ልስማ ስላለች አቢጋኤል ድምፁን ከፍ አደረገችው። ጴጥሮስ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ተነሥቶ መውጣት ይችል ነበር፣ አልወጣም።

መምህሩ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ዙሪያውን ሁሉ አስረዳ። አበባው ከአይሪስ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው፣ ሰዎችም የዱር አይሪስ ይሉታል፤ ትክክለኛ ስሙ ግን ዲየቴስ ነው። የመልካአበቦቹ መለያየትና የሥሩ መሳብ ነገሩን ቆርጦለታል። የትውልድ አገሩ ደቡብ አፍሪካ፣ የምሥራቁ ዳርቻ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴልና በመሥሪያ ቤት ግቢ ይተከላል፤ ሆሳዕና ላይ ግን እስካሁን አላየሁም አለ። ማን እንደተከለው ብታጣሩ ደስ ይለኛል ብሎ ተሰናበተ።

ከዚህ ሁሉ ገነቴ የሰማችው አንዱን ብቻ ነው። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ እንባዋ ወረደ፤ ፊቷ ግን ጴጥሮስ ለዓመታት አይቶት በማያውቀው ብርሃን ተሞልቶ ነበር።

«ልኮልኝ ነው» አለች። «በሰው እጅ ልኮልኝ ነው። ስልክ ከሌለ ምን ያድርግ? የሚያውቀኝ እሱ ነው። እማዬ ተክል ትወዳለች ብሎ ነው።»

አቢጋኤል ቀስ አድርጋ፣ የላከ ሰው መልእክተኛው በር ያንኳኳል እንጂ ከአጥር ሥር ተክሎ አይሄድም አለቻት። ገነቴ ለዚህም መልስ ነበራት። ዘሩን ከአንድ ዕቃ ጋር ልኮት ተበትኖ ይሆናል፤ ወይም ተመላሽ ልጅ በአጥር ወርውሮት ይሆናል። ተስፋ የያዘው ሰው ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። እስከ ምሽት ድረስ ሦስት ቤት ገብታ ተናገረች። እህተማርያም አቅፋ ሳመቻት። እሑድ በጉባኤው ፊት ቆማ ምስጋና ልታቀርብ ለቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ አስመዘገበች።

ጴጥሮስ መጠበቋን ለምዶት ነበር። ይህን ደስታ ግን ሊሸከመው አልቻለም።

ቅዳሜ ጠዋት የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ተክለጊዮርጊስ ሱቅ ሄደ። ተክለጊዮርጊስ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ብዙ መርዶ አብረው ነግረዋል። ጴጥሮስ በር ላይ ቆሞ እንድትመጡ ነው አለ። ሰውየው ሜትሩን አስቀምጦ የማን ቤት እንደሆነ ጠየቀ።

«የእኔ ቤት።»

ተክለጊዮርጊስ ሱቁን ዘግቶ አስቀመጠው። ሁሉንም ሰማ። መቼ እንደሞተ፣ ጴጥሮስ መቼ እንዳወቀ። ሜትሩን አንሥቶ ጠቀለለው። በመጨረሻ በደግነት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ነገ ሊነጋጋ ሲል እንደሚመጡ፣ መርዶውም የደረሰው በዚህ ሳምንት ነው ብለው እንደሚናገሩ ሐሳብ አቀረበ።

«ከእኔና ካንተ በቀር ማን ያውቃል? ሴትዮዋ ሐዘኗ ይበቃታል፤ ቂም አትጨምርባት።»

ጴጥሮስ ሐሳቡን አልጠላውም። መንገዱን ሁሉ በልቡ ይዞት ሄደ፤ እቤቱ በር ሲደርስም ይዞት ነበር።

ገነቴ ነጭ ቀሚሷን ተኩሳ ሰቅላለች። በእጇ ከአቢጋኤል ደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዛለች። «አንተ መምህር ነህ፣ አቃናልኝ» አለችውና ማንበብ ጀመረች። እርሳሱ የደበዘዘባት ቦታ ላይ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ እያስጠጋች፣ ልጄን በባዕድ አገር በሕይወት ስለጠበቅህልኝ የሚለው ላይ ደረሰች።

«ገነቴ፣ እሱን አትበዪ።»

«ምኑን?»

«ሆሴዕ የለም። ሞቷል።»

ወረቀቱን አጠፈችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንደገና። ምናልባት ሰምታው ይሆናል፣ ምናልባት አልሰማችውም። አቢጋኤል ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ማን ነገረህ?»

«አብሮት የነበረ የዳምቦያ ልጅ።»

«መቼ?»

በዚህ ሳምንት ሊል ይችል ነበር። ቃሉ አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ግን ሚስቱ እያየችው ነበር፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም የሚሸፍንለት ነገር ሳይኖር ነው ያየችው።

«ከሦስት ዓመት በፊት። ከሆስፒታል በወጣሽበት ሳምንት። አፈሩን አምጥቶልኝ ነበር፤ አበባው ያለበት ቦታ ነው ያለው።»

አቢጋኤል ጮኸች። ገነቴ ግን አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

«አራት ያሆዴ» አለች። «አራት ጊዜ የበዓሉን ምግብ፣ አታካና፣ ሠራሁ። አራት ጊዜ ድርሻውን በሣህን አስቀምጬ፣ አንተ እያየኸኝ፣ ሲመጣ ይበላል አልኩ። የጎረቤታችን የሃቢባ ልጅ ስትዳር ፊት ሆኜ የጨፈርኩት እኔ ነኝ። ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ቅቤ ተቀብቼ ስጨፍር ዝም አልከኝ?»

«ትሞቺብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«መጀመሪያ ለዚያ ይሁን። ከዚያስ?»

ከዚያ በኋላ የፈራው ይህችን ሰዓት ነው።

ገነቴ ተነሥታ የተሰቀለውን ነጭ ቀሚስ አወረደችና አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። አቢጋኤል ልታቅፋት ስትጠጋ ቆይ አለቻት። ወደ ባሏም ዞረች።

«አሁን አላለቅስም። ሂድና ሰዎቹን ጥራ፤ ነገ በሰዓቱ ይምጡ። ለሰፈሩ ሁሉ ስትሰጠው የኖርከውን ለእኔም ስጠኝ።»

*

እሑድ ሊነጋጋ ሲል መጡ። አሥራ አምስት ሰው ይሆናሉ። ገነቴ ለብሳ ቁጭ ብላ ጠበቀቻቸው፤ እህተማርያም በቀኟ፣ ሃቢባ በግራዋ ተቀመጡ። ጴጥሮስ በልማዱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሊቆም ሲል ተክለጊዮርጊስ ክንዱን ይዞ ከአቢጋኤል አጠገብ አስቀመጠው። ከዚያ ሰውየው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጌታ የሰጠውን ጌታ እንደሚወስድ ተናግሮ፣ የሆሴዕን ስም ጠራ። ገነቴ ያን ጊዜ ለቀቀችው። ጩኸቷ ለሦስት ዓመት ተጠራቅሞ የኖረ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ይዘዋት እንኳን ከመቀመጫዋ ተነሣች።

ድንኳን ተተከለ። መርዶው መቼ ደረሰ ለሚለው ሰው ተክለጊዮርጊስ በዚህ ሳምንት ነው ይል ነበር፤ ገነቴም አላስተባበለችውም። በሁለተኛው ቀን ግን እንድርያስ ከዳምቦያ መጣ። አቢጋኤል ናት ስልኩን ከአባቷ ተቀብላ የጠራችው። ልጁ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ጴጥሮስ እግር ላይ ተደፋ፤ እያለቀሰም ሰው ሁሉ በሚሰማበት፣ ያን ጊዜ ዱራሜ ላይ ከነገርኩዎት በኋላ የሆሴዕን እናት መጥቼ ማየት ነበረብኝ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አፍሬ ቀረሁ አለ።

ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የእናታቸውን፣ የወንድማቸውን ሞት ከጴጥሮስ አፍ የሰሙ ናቸው። ምሳ ሲቀርብ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ቆየ።

ገነቴ እንድርያስን ወደ ውስጥ አስገብታ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ንገረኝ አለችው። ጴጥሮስም ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ያን ቀን ተነሥቶ የሄደበትን አሁን ነው የሚሰማው። የሆሴዕ ሳል ሱቅ ውስጥ እንዴት እንደጀመረው፤ ሆስፒታል ሲገባ ጫማውን ለእንድርያስ ሰጥቶ ጠብቅልኝ እንዳለው።

«ማን አጠበው?» አለች ገነቴ።

«አላስጠጉንም እናቴ። ነጭ ላስቲክ የለበሱ ሰዎች ናቸው የቀበሩት። እኔና ሌሎች ሦስት ልጆች ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆመን በሐዲይኛ መዝሙር ዘመርንለት። ድምፃችን ይሰማ ነበር።» አበባውንም ሲያሳዩት አወቀው። በዚያ መቃብር ቦታ በየመንገዱ ዳር ሞልቷል፤ ዘሩ በየቦታው ይረግፋል። አፈሩን በእጁ ሲዝቅ ውስጡ ምን እንዳለ አላየም።

«ስንት መዝሙር ዘመራችሁ?»

«አራት።»

ገነቴ ራሷን ነቀነቀች። ደጋግማ ነቀነቀች።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ድንኳኑ ፈረሰ። የእድሩ ወንበሮች በጋሪ ተጭነው ሄዱ። ተክለጊዮርጊስ ሲሰናበት የጴጥሮስን እጅ ያዘው፤ ከእንግዲህ ለመርዶ እንደማይጠራው ሁለቱም ያውቁት ስለነበር አልተነጋገሩበትም። አቢጋኤል ከእህተማርያም ጋር የተዋሷቸውን ድስቶች ልትመልስ ወጣች።

ባልና ሚስት ብቻቸውን ቀሩ። ገነቴ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ነች፤ ድምጿ ተዘግቷል። ጴጥሮስ መቀመጥ ይገባው እንደሆነ ሳያውቅ ቆሟል።

«ሦስት ዓመት ሙሉ የት ነበር የምታለቅሰው?» አለችው።

አሰበ። «አላለቀስኩም። ታውቂብኛለሽ ብዬ።»

«አንድ ቀን እንኳን?»

«አንድ ቀን እንኳን።»

ገነቴ ትክ ብላ አየችው። ሦስቱን ቀን ፊቱን አላየችውም ነበር። ከስቷል፤ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው። «ይቅር እልህ እንደሆነም አላውቅም። አሁን ግን ተቀመጥ።»

ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ገነቴ ተነሥታ ጎረቤት እንዳይገባ በሩን ዘጋችው፤ ተመልሳ በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትታ ተቀመጠች። እንባው ወዲያው አልመጣም። ከውጭ የጋሪው ድምፅ ቁልቁለቱን እየራቀ ሲሄድ ይሰማል። ጴጥሮስ የልጁን ስም ሊጠራ ሞከረ፤ የመጀመሪያው ፊደል ላይ ድምፁ ተሰበረ። ገነቴ አልነካችውም፤ ከአጠገቡም አልተነሣችም።